የካቡ ላይ ልቃቂት

እናቴን ቀብረን ከተመለስን በኋላ አባቴ ከግቢያችን በር መውጣት አቆሙ። መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ቤታችን ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ጧት ጧት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከካቡ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ፀሐይዋ ስትዞር አብረው እየዞሩ ይውላሉ። የቅዳሴ ደወል ሲሰሙ ተነሥተው ያማትባሉ፤ ከዚያ መልሰው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን በዳኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቢሆን የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋ ገበሬ፣ ውርስ የተከለከለ ወንድም ከበራቸው ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የመጣውን ሁሉ «ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» እያሉ ይመልሱታል። ሰውም እየቆየ መምጣቱን ተወው።

ለጥምቀት ከደብረ ብርሃን የመጣው ታላቅ ወንድሜ ይህን አይቶ ተናደደ። ወንድሜ ሲያዝን የሚናደድ ሰው ነው፤ እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ጓዳ ገብተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተጨቃጨቅን። ለፋሲካ ተመልሶ ይዟቸው እንደሚሄድ ነገረኝ። እዚህ ድንጋይ ሲያዩ ከሚውሉ እሱ ቤት የልጅ ድምፅ እየሰሙ ቢኖሩ ይሻላቸዋል አለ። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቃቸው እንደሌለ፣ እዚያ የእሱ አባት ብቻ እንደሚሆኑ፣ እዚህ ግን ተቀምጠውም ዳኛው እንደሆኑ ነገርኩት።

«እስከ ፋሲካ ከዚህ በር ወጥተው ከሰው ከተቀላቀሉ አንድ ቃል አልናገርም» አለኝ። «ካልሆነ ግን አንቺም አትናገሪኝ።»

ተስማማን። ተስማማን እላለሁ እንጂ እኔ አኩርፌ ነበር።

ወንድሜ በሄደ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ አተር እየለቀምኩ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ አባቴ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። እናቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ፊቷን ታዞርባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከውጭ ሲገቡ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ነጠላዋን እስከ ትከሻዋ ትስባለች፣ ደኅና ነኝ ትላለች፣ ሌላ ቃል አይወጣትም። «ምን እንዳስቀየምኳት ሳትነግረኝ ሄደች» አሉ። ሕመሙ ነው፣ የታመመ ሰው እንዲህ ይሆናል አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ። እኔም የተለቀመውንና ያልተለቀመውን አተር አንድ ላይ ቀላቅዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ግን ነበረኝ፤ እሱ ደግሞ ከባልም ከልጅም የባሰ ጣጣ አለው። አዳራሽ አልነበረንም። መጋረጃ አልነበረንም። ለክበቡ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ጠመኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓመት በፊት ከልጆቹ ጋር መክረን መድረክ የማይፈልግ ድራማ ፈጠርን። አንዱ ተማሪዬ ያረጀ ኮርቻ ተሸክሞ በገበያ ቀን መሐል ሜዳን ዞረ። ያገኘውን ሁሉ ፈረሱን አይቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ደግሞ በየጥጉ ቆመው ሰው የሚከተለው ፍንጭ ይጥላሉ። ፈረስ የሚባል አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የገበያው እኩሌታ ፈረስ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። አንዳንዱ በዓይኔ አየሁት፣ ቦቃ ነው፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ሄደ አለ። ቆይቶ ኢንተርኔት የሚባለው ሲመጣ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ጨዋታ በኮምፒውተር፣ በስልክና በብዙ ገንዘብ እንደሚሠሩት ሰማሁ። ለእኛ የበቃን አንድ የውሰት ኮርቻ ነው።

አባቴን ከበር የሚያወጣው ይኸው ጨዋታ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ምክር አይሰሙም፤ ምክር ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸውና። ካህን መጥቶ አናግሯቸዋል፤ በአክብሮት ሰምተው በአክብሮት ሸኝተውታል። ያልተፈታ ነገር ግን መቋቋም አይችሉም። ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ለምን እንደዘገየ ሳያውቁ አይተኙም። ክበቡን ሰብስቤ በዚህ ዓመት የምንሠራው ድራማ ተመልካቹ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ አባቱን ያጣ አንዱ ልጅ ሳቁን ሲያቆም ሁሉም አቆሙ።

የመጀመሪያው ንድፋችን ይህ ነበር። ከእናቴ ሣጥን ኋላ በጆንያ ውስጥ ተፈትሎ የተጠቀለለ የበግ ጠጉር ክር አግኝቼ ነበር፤ ጥቁር ነው፣ ብዙ ልቃቂት ነው። መንዝ ውስጥ በሴት ቤት የበግ ጠጉር መገኘቱ የሚያስገርም ስላልሆነ ምንም አላልኩም፤ ደስ ያለኝ ወጪ የሌለው መሆኑ ነው። አንዱን ልቃቂት ካቡ ላይ፣ ልክ ከአባቴ ፊት ለፊት እናስቀምጣለን። ባለቤት የሌለው ንብረት በዳኛ ግቢ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ረጅም ጥቁር በርኖስ የለበሰ፣ ማንም የማያውቀው እንግዳ ሲያስቀምጠው አየሁ የሚሉ ሰዎች በየተራ ይመጣሉ። አንዱ ወደ ላይ ሄደ ይላል፣ ሌላው ወደ ታች። አባቴ ነገሩን ለማጣራት ይወጣሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት በቀስት ስዬው ሳየው ኮራሁ።

መጀመሪያማ ያለ እንከን ሄደ። አባቴ ልቃቂቱን አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሥተው አነሡት፣ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ገርሞኛል አልኩ። ንጹሕ ጨርቅ አስመጥተው ጠቀለሉትና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። የሰው ንብረት ነውና ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ጎረቤት ሁሉ የጠፋበት ካለ እንዲመጣ በእኔ በኩል አስነገሩ። የመጣ የለም።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካያችንን ጠራሁት። አባቴ ከሐዘኑ ወዲህ ጢማቸውን ለቀውት ነበር፤ እንዲላጩ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው። ፀጉር አስተካካዩ የጨዋታችን የመጀመሪያው ምስክር ነው። ሲያወራ ያምርበታል፤ ለዚህ ነው የመረጥኩት። አግዳሚው ላይ አስቀምጧቸው፣ አረፋ ቀብቶ የግራ ጉንጫቸውን ላጨ፤ እግረ መንገዱንም እንዳስጠናሁት በርኖስ ስለለበሰው እንግዳ ጀመረ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

አባቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ መጠየቅ ጀመሩ። በርኖሱ አዲስ ነው አሮጌ? ሰውዬው በየትኛው እጁ ያዘው? አንተ የት ቆመህ ነበር? ከቆምክበት ካቡ ይታያል? ፀጉር አስተካካዩ መለሰ፤ መልሱ ግን እያጠረ፣ ምላጩም እየዘገየ ሄደ። በመጨረሻ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማል» አሉት።

«ጌታዬ፣ ሁዳዴ ገብቷል እኮ።»

«እኔም ለዚህ ነው ማል የምልህ።»

ሰውዬው ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሱቄን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት አለና ፎጣውን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ከጓዳ ስመጣ አባቴ በግራ በኩል የተላጩ፣ በቀኝ በኩል ሐዘንተኛ ሆነው ተቀምጠዋል።

ፀጉር አስተካካዩን ባስጠራው አልመጣም። አንድ ጊዜ አሞኛል አለ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ይዤያለሁ። እኔ ልሞክር ስላቸው አባቴ እጄን አይተው ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። በግማሽ ጢም ዋሉ፣ በግማሽ ጢም አደሩ፤ በማግስቱ ጧት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተነሡና ከግቢው በር ወጡ። ወጡ። ትምህርት ቤት መድረስ ነበረብኝ፤ ግን በሩን ይዤ ቀጥ ብዬ ቆሜ ጀርባቸው ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር አየኋቸው፤ ከዚያ ገብቼ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ቀስት በቀስት የሳልኩት ንድፍ ከሽፎ ያወጣቸው ያልተላጨ ጢም ነው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ተላጭተው ተመለሱና ተቀመጡ። በማግስቱም አልወጡም። ያ ሰውዬ ያላየውን አየሁ ብሏል አሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊገባቸው አልቻለም።

ፀጉር አስተካካዩ ትምህርት ቤት ድረስ መጣብኝ። «ቲቸር፣ ጨዋታ ነው ካልሽኝ እጫወታለሁ። እንድምል ግን አታድርጊኝ፤ ያውም በጾም።» ተከታትለው ሌሎቹም መጡ፤ ምስክር እንዲሆኑ ያስጠናኋቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይቅርብን አሉ። ተናደድኩ። ቦቃ ፈረስ በዓይኔ አየሁ ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው! ቤት ስደርስ ንዴቴ በረደልኝና ነገሩ ገባኝ። በገበያ መሀል ለጨዋታ ያህል የማይዋሽ የለም፤ መሐላ ሲመጣ ግን ቀልድ የለም። አባቴ ደግሞ ሰው ሳያስምሉ ምንም ነገር ተቀብለው አያውቁም። ለእሳቸው የሚሠራ ጨዋታ ውስጥ ውሸት ካለ ጨዋታው ፈረሰ።

እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ማኅበር አብረው ይጠጡ ነበር፤ ከእኅትም በላይ ነበሩ። ብሶቴን ልነግራት ሄድኩ። በእጄ ሌላ ልቃቂት ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሴትዮዋ ልቃቂቱን ስታይ የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ተቀመጠች። ይህን ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከእናቴ ሣጥን ኋላ አልኳት። ልቃቂቱን ከእጄ ተቀብላ ነገረችኝ። እናቴ ታማ በተኛችበት ክረምት ለአባቴ ባና፣ ያንን የደጋ ሰው የሚደርበውን የጠጉር ልብስ፣ ልታሠራላቸው ፈለገች። የለበሱት ባና ሳስቷል፣ እኔ ከሄድኩ ማን ያስብለታል አለቻት። ጠጉሩን ያባዘተችላት ይህችው ጎረቤታችን ናት። እናቴ እኔም አባቴም በሌለንበት ሰዓት አልጋዋ ላይ ሆና ፈትላ ጨረሰች፤ ለሸማኔ መስጠቱ ሲቀር ቀኗ ደረሰ። ለማንም እንዳትናገር አደራ ብላት ነበር። «ለአንቺም ባልነግርሽ ደግ ነበር» አለችኝ፤ «ግን ይዘሽው መጣሽ።»

እኔ በእናቴ እጅ ሥራ ስጫወት ነበር ማለት ነው። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ ባናውን በቶሎ አሠርተን እንስጣቸው አልኩ። ጎረቤታችን ራሷን ነቀነቀች።

«ብትሰጪያቸው አጥፈው ሣጥን ውስጥ ነው የሚከቱት» አለች። «ፈልገው ያግኙት።»

ክበቡን እንደገና ሰበሰብኩ። የድሮውን ንድፍ አጠፋሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ማንም አይዋሽም» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ውሸት የሌለበት ድራማ ምን ይባላል አሉ። እኔም አላውቅም ነበር። እየሠራን ግን ሕጉ ራሱ መንገድ አሳየን። ሰው የሚመረጠው በሚያውቀው ሳይሆን በማያውቀው ነው፤ የማያውቀውን ቢጠየቅ አላውቅም ብሎ ይምላል። እውነት የሌለበት ቦታ ላይ ደግሞ እውነት መሥራት አለብን። ጎረቤታችን ጆንያውን ወስዳ በቀየት መንገድ ከከተማው ዳር ላለው ሸማኔ ሰጠችው። ለዳኛው የሚሆን ብላ አልነገረችውም፤ ሸምን፣ የጎደለው በባለቤቱ እጅ ይመጣል ብቻ አለችው። ለጨዋታው ያስቀረናቸው ጥቂት ልቃቂቶች ናቸው የሚጎድሉት።

ሁለተኛው ልቃቂት ካቡ ላይ ተገኘ። አንዲት ተማሪዬ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ አስቀመጠችው። አባቴ የሚያስቀምጠው ሰው ይመላለሳል ማለት ነው አሉ። ጨርቁ ውስጥ ጨመሩት። ሦስተኛው ሲገኝ አግዳሚውን ትተው በሩ ላይ መቆም ጀመሩ፤ መንገደኛውንም ሰላም ማለት ጀመሩ፤ የማን ቤት ልጅ ነህ ብለው ይጠይቃሉ።

በዚህ መሀል ፀጉር አስተካካዩን ወደ ሸማኔው ቤት ላክነው። ምንም እንዲያደርግ አይደለም፤ እንዲያይ ነው። ገባ፣ ክሩን በዓይኑ አየ፣ በእጁ ነካ፣ ወጣ። ጢማቸው አድጎ አባቴ ወደ ሱቁ ሲሄዱ፣ ልቃቂቶቹን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋቸው ነበርና፣ ይህን የመሰለ ክር ሸማኔው ቤት አይቻለሁ አላቸው። ማል አሉት። «ማርያምን!» አለ ሰውዬው፤ እንደ ነገረኝ ከሆነ ድምፁ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ተሰምቷል።

አባቴ ከዚያው ወደ ሸማኔው ቤት ቀጠሉ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ተቀምጧል፤ ባናው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ቆሟል። ክር አልቆብኝ ነው፣ ቀሪው ይመጣል ተብያለሁ አለ። አባቴ ቋጠሯቸውን ፈትተው ልቃቂቶቹን ባናው ላይ አስጠግተው አዩ። አንድ ነው። ሸማኔው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን ልቃቂቶቹን መልሰው ቋጠሩ። የእኔ ያልሆነውን አልሰጥም አሉ። ክሩን ያመጣችው ጎረቤታችን እንደሆነች ሲነግራቸው ወደ እሷ መጡ። የአንቺ ነው አሏት፤ የእኔ አይደለም አለች። የማን ነው አሏት።

«አደራ ነው» አለች። «በአደራ አይምጡብኝ።»

አባቴ አደራን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጠየቋትም። ቤት መጥተው ሽሯቸውን ጠርገው በሉ፤ እንዲጨመርላቸውም ጠየቁ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፋሲካ እየደረሰ ነው። ጨዋታው እዚህ ላይ እንዲያልቅ ነበር ያሰብነው፤ ባናውን ሲያዩ ይገባቸዋል ብለን ነበር። አልገባቸውም። ወንድ ልጅ የሚስቱን ፈትል ለይቶ አያውቅም፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ችሎት ነበሩ። የሚናገር ሰው የለም፣ የሚዋሽም የለም፤ ንድፌ ራሱን ቆልፎ ቁልፉን ውጦታል።

መክፈቻውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። የእድራችን ዳኛ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። አባቴ ቤታቸው ድረስ ሄደው አውጫጭኝ እንዲጠራላቸው ጠየቁ። አውጫጭኝ ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ በየተራ ተነሥቶ የሚምልበት ነገር ነው። የቀረ የለም፣ ያልማለ ወደ ቤቱ አይሄድም። በእኔ ዕድሜ ሲደረግ አላየሁም። ለበሬ እንጂ ለልቃቂት አውጫጭኝ ሰምቼ አላውቅም ብለው የእድሩ ዳኛ ሳቁባቸው። አባቴ አልሳቁም። ንብረት ንብረት ነው አሉ። ጓደኛቸው ፊታቸውን አይተው እሺ አሉ። ኋላ «ሰውዬው እንደገና ችሎት ሊቀመጥ ከሆነ ለመርፌም ቢሆን አገር እሰበስብ ነበር» አሉኝ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። የመንዝ ነፋስ ያለ ምሕረት ይነፍሳል፤ ሁሉም ተከናንቧል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ ተደርድረዋል። አባቴ ልቃቂቶቹን ጨርቁ ላይ ዘርግተው ጉዳዩን አስረዱ። ከተገኘበት ቀን ጀምረው ሸማኔው ቤት ድረስ አንድ ነገር ሳይዘሉ ተናገሩ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆነ። ሰው ሁሉ እየተነሣ «ይህ ንብረት የእኔ አይደለም» ብሎ እንዲምል ጠየቁ።

ሰው ተራ በተራ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ ማለ። ሸማኔው ማለ። ሴቶቹ የየራሳቸውን እየጨመሩ ማሉ፤ አንዷ እኔ የምፈትለው ነጩን ነው አለች፣ አንዷ የእኔ ክር ወፍራም ነው አለች። ጎረቤታችን ተነሥታ የእኔ አይደለም ብላ ማለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔም ማልኩ፤ እውነት ነው፣ የእኔ አይደለም። ሁሉም ካለቀ በኋላ የእድሩ ዳኛ ዘወር ብለው አባቴን አዩ።

«አንተ ቀረህ» አሏቸው።

ይህ በንድፋችን ውስጥ አልነበረም። ማንም አላሰበውም። አባቴም ያሰቡት አይመስለኝም፤ ሥርዓት ነውና ግን ተነሡ። አንዱን ልቃቂት አንሥተው በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ቆዩ። ሰው የሚያስተክዝ ነገር ሲገጥመው እንደሚያደርገው ልቃቂቱን በእጃቸው አዟዟሩት፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ በኩል፣ ወደ ጎረቤታችን አዩ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ።

«አልምልም» አሉ።

የእድሩ ዳኛ ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ስገባ ፊቷን የምታዞርብኝ» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመሩ። «ስገባ ፊቷን የምታዞርብኝ ይኼን ልትደብቅ ነው። ያስቀየምኳት መስሎኝ ነበር።»

ልቃቂቱን ይዘው ተቀመጡ። ቀብር ላይ ያላለቀሱ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። የእድሩ ዳኛ ከአጠገባቸው ተቀምጠው ትከሻቸውን ያዙ፤ ማንም እንዲያቆሙ አላባበላቸውም። እኔ የት እንደነበርኩ አላስታውስም፤ እግራቸው ሥር መሆን አለበት፤ ጋቢያቸው ጉንጬን ሲፈገፍገኝ አስታውሳለሁና።

ነገሩ ሲረጋጋ የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንብረቱ ባለቤቱን አግኝቷል አሉ። ከዚያ የተለመደ ቀልዳቸው መጣባቸውና አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ እንደቀረ ተናገሩ፤ ካቡ ላይ ያስቀመጠው ማነው? ፀጉር አስተካካዩ ጥዱን አየ። ተማሪዎቼ ከተቀመጡበት የቤተ ክርስቲያን ካብ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። አባቴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለሱ ሌላ ቀጠሮ እንሰጣለን» አሉ።

በማግስቱ ልቃቂቶቹን ራሳቸው ይዘው ለሸማኔው ወሰዱለት፤ ባናው እስኪያልቅም እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ዋሉ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለት ባላንጣዎች አስቁመዋቸው ስለ ድንበር ሲያስረዷቸው አየሁ። ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ አላሏቸውም።

ወንድሜ ለፋሲካ መጣ። በበዓሉ ማግስት ጧት የአባቴን ልብስ በሻንጣ ሊከት ተነሣ፤ ስምምነታችንን አልረሳም፤ ግን የነገርኩትን ሁሉ አላመነኝም ነበር፤ «የምትፈልጊውን ነው የምታይው» ይለኛል። አባቴ አዲሱን ባና ደርበው ወደ ውጭ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። መኪናው እንደሚጠብቃቸው ነገራቸው።

«አልሄድም» አሉት። «ቀጠሮ አለኝ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የፍርድ። የሰው ንብረት ካብ ላይ ያስቀመጠ ሰው አለ።»

«መቼ ነው ታዲያ? እኔ እጠብቃለሁ።»

አባቴ ጫማቸውን አስረው ጨረሱ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ተከሳሿ ዝግጁ ነኝ ስትል ነው» አሉት።

ወንድሜም ዞሮ አየኝ፤ ሻንጣው በእጁ ነው።

«ገና ነኝ» አልኩ።